ስለ ውሻ አመጋገብና ከዓይነ ምድሩ ስለሚታወቀው ጤና

ስለ ውሻ ዓይነ ምድር መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ነውር ወይም ቀልድ መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን በቅሎ ያለው ሰው የበቅሎውን ፋንድያ፥ ላም ያለው ሰውም የላሚቱን እበት አይቶ የታመመችውን ከደኅነኛዋ መለየትን ከአባቶቹ ተምሯል፤ የውሻውን ግን ልብ ብሎ የሚመለከት የለም። ውሻ በደጅ የሚያድር፥ ከልጆች ጋራ የሚጫወት፥ በጎችንም የሚከተል እንስሳ ስለሆነ ከሆዱ የሚወጣው ነገር ከበቅሎው ይልቅ ለቤተ ሰቡ ቅርብ ነው። ስለዚህ ውሻ የሚበላው ምግብ በሆዱ ውስጥ ምን እንደሚሆን፥ ከሆዱም ከወጣ በኋላ በሰውና በከብት ላይ ምን እንደሚያመጣ፥ በየገጠሩ ያሉ መምህራንና መጻሕፍት የሚያነቡ ሽማግሎች ለሌላው ያስረዱ ዘንድ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

የውሻ ጥርስ ሥጋ ለመቅደድና አጥንት ለመስበር የተሠራ ነው እንጂ እንደ በግና እንደ ላም ጥርስ ለማላመጥ የተሠራ አይደለም። ስለዚህ ውሻ ያገኘውን እምብዛም ሳያላምጥ ይውጣል። በሰው ምራቅ ውስጥ እንጀራንና ዳቦን ማሟሟት የሚጀምር ነገር አለ፤ በውሻ ምራቅ ውስጥ ግን ይህ የለም ማለት ይቻላል። የውሻ ሥራ የሚጀመረው በጨጓራ ነው። የጨጓራው ኮምጣጣ ውሃ ብርቱ ስለሆነ ሥጋንና ጥሬ አጥንትን ያላላል። ከዚያም ምግቡ ወደ ቀጭኑ አንጀት ሲወርድ ከጕበት የሚመጣው ሐሞትና ከቆሽት የሚመጣው ፈሳሽ ይገናኙታል፤ ሐሞቱ ስቡን ይበትናል፥ የቆሽቱም ፈሳሽ እንጀራውን፥ ሥጋውንና ስቡን ወደ ደም ለመግባት እስኪችሉ ድረስ ያደቅቃቸዋል። በመጨረሻም በወፍራሙ አንጀት ውሃው ተመጥጦ የቀረው ይወጣል። የውሻ አንጀት ከሣር በላተኞች እንስሳት አንጀት ጋራ ሲመዛዘን አጭር ነው፤ ምግቡ ያልተስማማው እንደሆነ ምልክቱ በቶሎ፥ ብዙ ጊዜም በማግሥቱ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ውሻ የተኵላ ወገን መሆኑ የታወቀ ነው። ተኵላ ግን እንጀራ ቢሰጡት የውሻን ያህል አይጠቀምበትም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. የስዊድን አገር ሊቃውንት የውሻንና የተኵላን የዘር ባሕርይ አስተያይተው፥ እህልን የሚያሟሟውን የቆሽት ፈሳሽ የሚያስገኘው የዘር ክፍል በተኵላ ሁለት ብቻ ሲሆን በውሻ ከዚያ ብዙ እጥፍ ሆኖ እንዳገኙት ገለጡ። ይህም ውሻ ከገበሬ ደጅ ትራፊ እየበላ ብዙ ሺህ ዓመት በመኖሩ የመጣ ለውጥ ነው ብለው ተረጐሙት። እንግዲህ ውሻ ያለ ሥጋ ከቶ አይኖርም የሚሉ ሰዎች ነገሩን አብዝተውታል። የበሰለ እህል ይስማማዋል፤ ሆኖም እህል ብቻ አይበቃውምና ጥቂት የበሰለ ሥጋ ወይም እንቁላል፥ ዘወትርም ንጹሕ ውሃ ሊያገኝ ይገባዋል። ለትራፊው ገል የሚያኖርለት ሰው ብዙ ነው፤ ለውሃው ገል የሚያኖርለት ግን ጥቂት ነው።

የደኅነኛ ውሻ ዓይነ ምድር ቡናማ ነው፤ ቅርጹን ይዞ ይወድቃል፥ በአካፋ ሲያነሡትም አይፈርስም፥ ውሻውም ሳይጨነቅ ይወጣዋል። ከዚህ የተለየ ሆኖ ሲገኝ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ትናንት ምን በላ ተብሎ ነው።

አጥንት የበዛበት ውሻ ዓይነ ምድሩ ነጭና ደረቅ፥ እንደ ኖራም የሚፈረፈር ይሆናል። ውሻው ጐብጦ ያምጣል፥ ከማማጡም የተነሣ አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ደም ይታይበታል። የተቀቀለ አጥንት ከጥሬው ይልቅ ክፉ ነው፤ ሲሰበር የሾለ ስንጣሪ ይሆናልና። ይልቁንም የዶሮ አጥንት ቀጭንና ውስጡ ባዶ ስለሆነ ከወጥ ከወጣ በኋላ ጉሮሮን ወይም አንጀትን ሊበሳ ይችላል። በበዓል ከገበታ የተሰበሰበውን የዶሮ አጥንት ለውሻ መድፋት እንደ ቸርነት የሚቈጠር ልማድ ነው፤ በጕድጓድ መቅበሩ ግን ይሻላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስጠነቅቃለን፤ ውሻ አፉን ከፍቶ ምራቁን ሲያዝረበርብና መዋጥ ሲያቅተው ብዙ ሰው አጥንት ሰንቅሮት ነው ብሎ እጁን በአፉ ያገባል። ይህ ምልክት የእብደት በሽታም ሊሆን ስለሚችል እጅን ወደ ውሻ አፍ ማግባት ፈጽሞ አይገባም።

በጾም ወራት በብዙ ቤት ውሻውም ከጌታው ጋራ እንደ ጾመ ይቈጠራል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሽሮና እንጀራ ሲበላ ከርሞ በፋሲካ ዕለት ስቡና አንጀቱ፥ ጨጓራውና ቍርጥራጩ በአንድ ጊዜ ይጣልለታል። በማግሥቱ የሚታየውን ተቅማጥ ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ ውሻው ጠግቦ ነው እየተባለ ይሳቅበታል። ምክንያቱ ግን ጥጋብ ብቻ አይደለም። በአንጀት ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ረቂቃን ሕያዋን ይኖራሉ፤ እነርሱም ምግቡን በማድቀቅ ይረዳሉ፥ ዓይነታቸውና ብዛታቸውም እንደ ለመዱት ምግብ ነው። ምግቡ በድንገት ሲለወጥ ሥራቸው ይታወካል። ስቡም ከመጠን በላይ ሲሆን ሳይደቅ ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ ዓይነ ምድሩ የገረጣ፥ ቅባት ያለበትና ክፉ የሚሸት ይሆናል። አንዳንድ ውሻ ስብ በብዛት ከበላ በኋላ ቆሽቱ ተቈጥቶ ደጋግሞ ያስታውካል፥ ሆዱንም ሲነኩት ያመዋል፤ ይህ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ የውሻን ምግብ መለወጥ የፈለገ ሰው በሰባት ቀን ውስጥ ከአሮጌው ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ፥ ከአዲሱም እንደዚሁ እየጨመረ ይለውጥ።

ወተት ለቡችላ የእናቱ ጡት ነው፤ አድጎ የወተትን ስኳር ማሟሟት ለተወ ውሻ ግን የላም ወተት ብዙ ጊዜ ተቅማጥ ያመጣበታል። ያልተጋገረ ቡሆ ከአቡካቶ የሰረቀ ውሻ በሆዱ ውስጥ ሊጡ እየኮመጠጠ ይነፋዋል፥ ያሰክረዋልም፤ ስለዚህ አቡካቶው ሊከደን ይገባል። ሽንኩርትም ቀዩም ሆነ ነጩ የውሻን ደም ያፈርሳል። ወጣችን ያለ ሽንኩርት የማይሠራ ስለሆነ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጥቂት ወጥ የነካው እንጀራ በልቶ አንድ ቀን ወዲያው አይሞትም፥ ነገር ግን ቍሌቱ በብዛት ወይም ዘወትር የሚደፋለት ውሻ ድዱ ይነጣል፥ ሽንቱም ይቀላል ወይም ይጠቍራል።

ዓይነ ምድሩ ጥቍር እንደ ቅጥራን የሚጣበቅ የሆነ እንደሆነ ከጨጓራ ወይም ከላይኛው አንጀት ደም እየፈሰሰ ነው። በቡችላ ሲሆን ብዙ ጊዜ ደም የሚመጥጥ ትል አለበት፤ ድዱ ነጥቶ ይገኛል። ቀይ ደምና ንፍጥ የመሰለ ነገር ሲታይ ሕመሙ ያለው በታችኛው አንጀት ነው። ተቅማጥ የያዘው ትልቅ ውሻ ሌላው ጤናው ደኅና ከሆነ፥ ቅመምና ስብ የሌለበት የተቀቀለ ሩዝ ከጥቂት ቀይ ሥጋ ጋራ በትንሽ በትንሹ ሁለት ሦስት ቀን ቢሰጠው ይጠገናል፤ ውሃ ግን ከቶ አይከልከል። ቡችላ ሲሆን፥ ወይም ደም ሲኖርበት፥ ወይም ደጋግሞ ሲያስታውክና ሲደክም፥ ሳይዘገይ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

እስካሁን የተናገርነው በዓይን ስለሚታየው ነው። ከዚህ በኋላ የምንናገረው ግን ስለማይታየው ነው፤ የዚህም ጽሑፍ ዋና ጕዳይ ይኸው ነው።

ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ኮሶ እንደሚይዘው በአገራችን የማያውቅ የለም። የኮሶው ዘር በበሬው ሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል፤ ሰው በበላው ጊዜ በአንጀቱ ውስጥ አድጎ ረዥም ትል ይሆናል። ውሻም እንዲሁ የራሱ ኮሶ አለው፥ ያውም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንደኛው ከቁንጫ የሚመጣ ነው፤ ቁራጩ እንደ ሩዝ ፍሬ ሆኖ በዓይነ ምድሩና በጭራው ሥር ስለሚታይ ባለቤቱ ያስተውለዋል። የሚያስፈራው ግን ሌላው ነው። ይህ ትል ርዝመቱ ከ2 እስከ 7 ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን፥ በአንድ ውሻ አንጀት ውስጥ በሺህ የሚቈጠር ሊኖር ይችላል። ይህም ሁሉ ሆኖ ውሻው አይከሳም፥ አይታመምም፥ ዓይነ ምድሩም ቀደም ብለን እንዳመሰገንነው ቡናማና ደኅና ሆኖ ይታያል። እንቁላሉ ከትቢያ ይልቅ የረቀቀ ስለሆነ የማንም ዓይን አያየውም። ስለዚህ የውሻን ሆድ ከኋላው በማየት ብቻ መጠበቅ አይቻልም፤ በአፉ በኩል መጠበቅ ግድ ነው።

ነገሩ የሚዞረው እንዲህ ነው። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋራ በሣር ላይ፥ በጎመን መደብ፥ በምንጭ አጠገብ ይወድቃል፤ ደግሞ ከውሻው ጠጕር ላይ ይጣበቃል። በግ ወይም ፍየል፥ ላም ወይም ግመል ከሣሩ ጋራ ትውጠዋለች። በአንጀቷ ውስጥ ከተፈለፈለ በኋላ በደም ሥር ተጕዞ በጕበት ወይም በሳንባ ላይ ያርፋል፥ በዚያም ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይሆናል። በግ ሲያርድ በሳንባው ላይ እንደ እንቁላል ያበጠ፥ በቢላዋ ሲነኩትም ጥርት ያለ ውሃ የሚፈናጠቅበት ነገር ያላየ ገበሬ የለም። ይህን ሳንባ ሰው ስለሚጸየፈው ለውሻ ይጥለዋል። ከረጢቱም ውስጥ ያሉት ከአሸዋ የደቀቁ ብዙ ራሶች በውሻው አንጀት ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ትል ይሆናሉ፤ ስድስት ሰባት ሳምንት ያህል ከቈዩም በኋላ እንደገና እንቁላል መጣል ይጀምራሉ። ከበግ የወጣውን ከረጢት ለውሾች አብልቶ ትሉን ከአንጀታቸው በማግኘት ይህን ዙረት ያስረዳው የጀርመኑ ሊቅ ካርል ፎን ዚቦልት ነው፤ ይህም የሆነው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1852 ዓ.ም. ነው።

ሰው በዚህ ዙረት ውስጥ የሚገባው በበጉ ፈንታ ነው። ብዙ ሰው ከረጢት ያለበትን ጕበት የበላ ይታመማል ብሎ ያስባል፤ ይህ ግን አይደለም። ሰውን የሚይዘው በጕበቱ ውስጥ ያለው ሳይሆን ከውሻው የወጣው እንቁላል ነው። ውሻ ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ የሚቈርስ ልጅ፥ ያልታጠበ ጎመን የሚበላ ሰው፥ ውሻ ከሚመላለስበት ኵሬ የሚጠጣ እረኛ እንቁላሉን ሳያውቀው ይውጠዋል። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ምንም ሳይሰማው ይኖራል። ከረጢቱ ቀስ እያለ ስለሚያድግ በልጅነቱ የዋጠው ነገር ጐልማሳ ከሆነ በኋላ በቀኝ ጐኑ በኩል ሕመም፥ ወይም የሳንባ እንደሆነ የማይለቅ ሳል ሆኖ ይገለጥበታል። ከረጢቱ በውስጥ የፈነዳ እንደሆነ በድንገት ሊገድል ይችላል። ሕክምናው በቀዶ ጥገና ወይም ለብዙ ወራት በሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ ለገጠር ሰው ሁለቱም ቀላል አይደሉም። ከዓለም ሁሉ ይህ በሽታ እጅግ ከበዛባቸው አገሮች አንዱ ከደቡብ ኦሞ ወሰን ማዶ ያለው የቱርካና አገር መሆኑ፥ በወዲህም በኩል ባሉት ከብት አርቢዎች ዘንድ መገኘቱ የታወቀ ነው።

በሽታው ሊጠፋ እንደሚችል ያሳየች አንዲት አገር ስላለች ታሪኳን መናገር ይጠቅማል። በሰሜን በኩል በውቅያኖስ መካከል አይስላንድ የምትባል ደሴት አለች። ሕዝቧ በግ አርቢ ነበር፤ ውሻው ከሰዉ ጋራ በአንድ ቤት ያድር ነበር፥ በጉም በየደጁ ይታረድ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1863 ዓ.ም. ሐራልድ ክራቤ የሚባል የዴንማርክ ሊቅ ወደዚያ ተሻግሮ የውሾችን አንጀት እየከፈተ ሲመረምር፥ ከ100ው ውሻ በ28ቱ ይህን ትል አገኘ። በዓመቱም በ1864 ስለ በሽታውና ስለ መከላከያው ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ፥ በአገሬው ቋንቋ ታትማ ለየቤቱ ታደለች። የአይስላንድ ሰዎች በረዥሙ የክረምት ሌሊት በመብራት ዙሪያ ተሰብስበው አንዱ ሲያነብ ሌላው እጅ ሥራውን እየሠራ መስማት ልማዳቸው ነበርና መጽሐፊቱ በከንቱ አልቀረችም። ከ1869 ዓ.ም. ጀምሮም ስለ ውሾች ሕግ ወጣ፥ በ1890 ሕጉ ጠነከረ። በዚያን ዘመን የነበረው የውሻ መድኃኒት ደካማ ነበር፤ ስለዚህ እኛ እንደሚመስለን ከመድኃኒቱ ይልቅ የረዳቸው የታመመውን ሳንባና ጕበት ከውሻ መከልከላቸው ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት በሽታው ከደሴቲቱ ጠፋ።

በጎቻችንን የሚይዘው አዙሪትም የዚህ ዘመድ ነው። በጊቱ ራሷን ወደ አንድ ወገን አዘንብላ እየዞረች የምትሞተው፥ ከሌላ የውሻ ኮሶ የመጣ ከረጢት በአንጐሏ ውስጥ ስላደገ ነው። የሞተችውን በግ ራስ ለውሻ መጣል ለሚመጣው ዓመት አዙሪትን መዝራት ነው፤ ራሱን በጥልቅ መቅበር ይገባል።

እንግዲህ ሥራው በዕርድ ቀን ይጀመራል። ሰዎች ለቅርጫ ሲሰበሰቡ ቢላዋው ከመሳሉ አስቀድሞ ጕድጓዱ ይቈፈር፤ በሬው ከወደቀ በኋላ ሁሉም በብልት ክፍያ ስለሚጠመድ የሚቈፍር አይገኝም። ጥልቀቱ አንድ ሜትር ያህል ሆኖ፥ ከአፈሩ በላይ ድንጋይ ይጫንበት፥ ውሻ ጭሮ ያወጣዋልና። ውሾቹም እስኪቀበር ድረስ ይታሰሩ። ከረጢት ያለበት ሳንባና ጕበት ወደ ጕድጓዱ ይግባ፤ ደኅና መስሎ የሚታየውን ለውሻ መስጠት የፈለገ ግን ውሃው ከፈላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይቀቅለው። ጥቃቅኑ ከረጢት በሥጋው ውስጥ ተሸሽጎ ሊቀር ስለሚችል በጥሬው አይሰጥ። ማገዶ የተቸገረ ሰው መቅበር ይቀለዋል።

አንዳንድ ሽማግሌ፥ ኦሪት አውሬ የሰበረውን ሥጋ ለውሻ መስጠትን አዝዛ የለምን? ብሎ ይከራከር ይሆናል። ያ ትእዛዝ የተነገረው ሰው እንዳይበላው ነው፤ ለውሻው በጥሬው ይሰጥ የሚል ቃል የለበትም፥ ቀቅሎ የሰጠም ሰው ትእዛዙን አላፈረሰም። ሌላውም፥ አባቶቻችን ለውሻ ጥሬ ሲጥሉ ኖረው ምን ሆኑ? ይላል። በሽታው ከአሥርና ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ የሚገለጥ ስለሆነ ጐኑን እያመመው የሞተውን ሰው ከልጅነቱ ውሻ ጋራ የሚያያይዘው አልነበረም።

መምህሩ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ክብ ሥሎ በክቡ ዙሪያ ውሻን፥ ሣርን፥ በግንና ቢላዋን ቢያኖር፥ ልጆቹም ክቡ በየትኛው ስፍራ ሊቈረጥ እንደሚችል ቢጠይቃቸው ቶሎ ያስተውላሉ፤ ከቢላዋው ወደ ውሻው በሚሄደው መንገድ ላይ መቍረጥ ከሁሉ ይቀላል። የትምህርት ቤቱ የጎመን መደብ በእሾህ ይታጠር። ልጆች ከምግብ በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። እንቁላሉ በእርጥብና በቀዝቃዛ ስፍራ ለብዙ ወራት ይቈያል፤ ፀሐይና ድርቀት፥ የፈላ ውሃና እሳት ግን ያጠፉታል።

የውሻው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ይባላል። መጠኑ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም ስለሆነ የውሻውን ክብደት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሰውየው በወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ አንድ ጊዜ ብቻውን፥ አንድ ጊዜም ውሻውን ታቅፎ ቢቆም ልዩነቱ የውሻው ክብደት ነው። መድኃኒቱ ትሉን ይገድላል እንጂ እንቁላሉን አይገድልም፤ ስለዚህ ውሻው ሁለት ቀን ታስሮ ይቈይ፥ በነዚህም ቀኖች ከሆዱ የወጣው ሁሉ ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር፤ የቀበረውም ሰው እጁን ይታጠብ። ይህ በዓመት ቢያንስ 4 ጊዜ ሊደረግ ይገባል። ለማስታወስ እንዲመች ወራቱ በባሕረ ሐሳብ የሚለዋወጡበትን ቀን መያዝ ይቻላል፤ ይኸውም መስከረም 26፥ ታኅሣሥ 26፥ መጋቢት 26 እና ሰኔ 26 ነው። ነገር ግን ውሻው በበዓል ዕለት ጥሬ ሳንባ ሰርቆ መብላቱ የታወቀ እንደሆነ ይህን ቀን ሳይጠብቁ፥ አምስት ሳምንት ሳያልፍ ይስጡት።